ዓርብ ቀትር የሚሞላው የሳቢሃ ቤት

የዚያን ዓመት ኅዳር አልረሳውም። ኅዳር ላይ ጅማ የሚሸተው የተቆላ ቡና አይደለም። የተፈለፈለው እሸት ቡና ገለባው ሲኮመጥጥ የሚሸተው ነው። እንግዳ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኛ ግን ያ ሽታ ሲዘገይ ነው የሚጨንቀን። ሽታው መጣ ማለት የሰው እጅ ላይ የሆነ ነገር ገባ ማለት ነው፤ ሰርግ የሚደግስ አለ፣ ቆርቆሮ የሚቀይር አለ፣ ለልጁ ጫማ የሚገዛ አለ። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ጀርባን ታሞቃለች። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ ሲያልፍ መንደራ ቆጪ ያለችው ቤቴ መስኮቷ ይንቀጠቀጣል። በልጅነቴም እንዲሁ ነበር፣ ያኔ መኪናው ሌላ ነበር እንጂ። ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ያን ዓመት ግን ደስታው ደረቴ ላይ ደርሶ ቆመ፣ አልወርድ አለ። ሳቢሃ ያን የቋንቋ ድረ ገጿን ለእድሳት የዘጋችው በዚያ ሰሞን ነው።

ሳቢሃ የጎረቤቴ የሱዓድ ልጅ ናት። ሱዓድ፣ አላህ ይማራት፣ ስትሞት ልጅቱ ትንሽ ስለነበረች ግማሹን እኔ አሳደግኋት፣ ግማሹን ሰፈሩ። እኔ ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሉን ለይቼ ጋዜጣ ማንበብ ስጀምር ባሌ ታመመና እዚያው ቀረ። እና የኮምፒውተሩን ነገር ሳወራ ብሳሳት የሚያውቅ ያርመኝ። የሳቢሃን ነገር ግን የሚያርመኝ የለም።

ወደ ሪያድ የሄደችው ልጅ ሆና ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ ዕድሜዋን ከፍ አድርገውላት። ስትሄድ አልፈራችም። ቁርኣንን እስከ መጨረሻው ቀርታ ያኸተመች ልጅ ናት፣ ስትቀራ ድምጿ መንገደኛ ያቆም ነበር። "እማማ፣ ቋንቋው እኮ የቁርኣን ቋንቋ ነው፣ ምን ይቸግረኛል?" አለችኝ። እኔም አመንኳት። ከዚህ አገር ስንቷ ልጅ እንዲህ ብላ ሄዳለች! እዚያ ስትደርስ ማዳሟ አንድ ነገር አምጪ ስትላት ማንኪያ ይሁን ዳቦ አታውቅም። "ያሲንን በቃሏ ትወጣለች፣ መጥረጊያ ምን እንደሚባል አታውቅም" እያሉ ለእንግዳ ያሳዩዋት ነበር አለች። አንድ ቀን ሆዷን ቆረጣት። አሞኛል የምትልበት ቃል አጣች። ዝም ብላ ስትሠራ ዋለችና ምንጣፍ ላይ ወድቃ አነሷት። ሆስፒታል ነቃች፣ ከእምብርቷ እስከ ታች ተሰፍታ። ምን እንዳወጡላት የነገራት የለም፣ ቢነግሯትም አትሰማውም ነበር። ልጅ አልወለደችም።

ተመልሳ የመጣች ሰሞን በረንዳዬ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ የሰፈሩን ሴት ልጆች ሰበሰበች። "ሂዱም አልልም፣ አትሂዱም አልልም፤ ብላቸውስ ማን ይሰማኛል? የምትሄደው ግን አፍ ይዛ ትሂድ" ትል ነበር። ሌላ ነገር አልፈለገችም፤ ባል አልፈለገች፣ ሱቅ አልፈለገች። አንዲት ልጅ እንኳ እሷ እንደሄደችው ሆና እንዳትሄድ፣ ይህን ብቻ ነበር የምትፈልገው።

ያኔ የግቢዬን ሌላኛዋን ክፍል የተከራየው ነቢዩ የሚባል የደሴ ልጅ ነው፤ እዚህ ኮሌጅ ኮምፒውተር ይማራል። ወሬው አያልቅም። "እማማ ኩልሱም፣ በረንዳዎ ጠበበ። ኢንተርኔት ላይ ሰፊ በረንዳ ልሥራላት" አለኝ፣ ሠራውም። ዐረብኛን በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያስተምር ድረ ገጽ ነው። ስም አውጥተውለት ነበር፣ ግን ማንም አልያዘውም። ልጆቹ "የሳቢሃ ቤት" አሉት፣ በዚያው ጸና።

ድምፅ የሚቀዱት የኔ ቁምሳጥን ውስጥ ነበር፣ የባጃጅ ጥሩምባ እንዳይገባ ጋቢ ተከናንበው። አንድ ቀን ነቢዩ ከጋቢው ውስጥ አንገቱን አወጣና፣

"እማማ፣ የማዳም ድምፅ አጣን" አለኝ።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ባጃጅ አጥር ላይ ሲጠጋብዎ የሚሳደቡበት ድምፅ ይበቃናል።"

"አንተ ባለጌ! ጥፋ ከፊቴ!"

"ይኸው! እሱ ራሱ ነው! ሳቢ፣ መቅጃው በርቷል?"

በዚህ ዓይነት ማዳም ሆንኩ። "ተዓሊ! ወይን ኢንቲ?" እላለሁ፤ ነይ፣ የት ነሽ ማለት ነው። ኋላ አጋሮ ሰርግ ሄጄ ውሃ አምጡልኝ ብል፣ አንዲት ልጅ ድምፄን ሰምታ ብርጭቆውን ለቀቀችው። "ማዳም!" ብላ ጮኸች። ሰዉ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ እኔና እሷ ግን ተያይተን ሳቅን።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ነቢዩ ድረ ገጹ ላይ ማን መቼ እንደሚገባ ያያል። አንድ ጊዜ ግራ ገብቶት መጣ።

"ሳቢ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ይንጠባጠባል። ዓርብ ቀትር ላይ ግን ይፈነዳል። ምን አለ ዓርብ ቀትር?"

"ጁምዓ ነዋ፣ አንተ!"

"ጁምዓማ አውቃለሁ። ሰዉ መስጊድ አይደል እንዴ?"

"ወንዱ መስጊድ ነው። ስልኩ ቤት፣ ቻርጅ ላይ ነው" አለችና ሳቀች።

ልጆቹ የራሳቸው ስልክ የላቸውም። ስልኩ የወንድም ነው፣ የባል ነው፣ የአባት ነው። ባንድ ስልክ ሦስት አራት ሆነው ይማራሉ፣ እያንዳንዷ በዚያው ስልክ ቁጥር ተመዝግባ፣ በስሟ ገብታ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሲጨርሱ ዱካውን አጥፍተው ስልኩን እንደነበረ ቻርጅ ላይ ይሰኩታል። ብዙዎቹ ለቤተሰብ አልተናገሩም፤ ዐረብኛ መማር ልሄድ ነው ማለት ስለሆነ። የሳቢሃ ቤት ዓርብ ቀትር ይሞላል፣ ሶላቱ ሲያበቃ ባዶ ይሆናል።

ከነዚህ ልጆች አንዷ ከውሰር ናት። ከአጋሮ አልፎ በጌራ መንገድ ካለ መንደር ናት። አንድ ረመዳን በትንሽ ጀሪካን ማር ይዛ፣ ለሐኪም ነው የመጣሁት ብላ ዋሽታ፣ ሳቢሃን ልታይ መጣች። ቀጭን ነገር ናት፣ ስትስቅ አፏን በሻርፗ ትሸፍናለች። የምትማርበት ስልክ የወንድሟ የሰሚር ነው፤ ሰሚር ለነጋዴ እሸት ቡና ይሰበስባል። ቤተሰቡ ለአንድ ትልቅ ሰው ሊድራት ቃል ሰጥቷል። እሷ ደግሞ ሐሳቧ ትምህርቱን ጨርሳ፣ መታወቂያና ፓስፖርቷን አውጥታ፣ በሕጋዊ ኤጀንሲ በኩል ውል ይዛ መሄድ ነው። "በበረሃ አልሄድም። በአውሮፕላን ነው የምሄደው፣ አንገቴን ቀና አድርጌ" አለችን። አትቸኩልም፤ አንዱን ትምህርት ሳታጣራ ሌላውን አትነካም።

የመጨረሻው ትምህርት ሳቢሃ በጣም የለፋችበት ነው። አሞኛል፣ አትንኪኝ፣ አትንካኝ፣ በሩን ክፈቱልኝ፣ ፓስፖርቴን ስጡኝ፣ ወደ ኤምባሲ ውሰዱኝ፤ እነዚህ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው።

"ለምን መጨረሻ ላይ አደረግሽው?" አልኳት።

"መጀመሪያ ቢሰሙት ይፈሩና ይተዉታል፣ እማማ። ከዚያ ምንም ሳያውቁ ይሄዳሉ።"

ከውሰር እሱ ብቻ ቀርቷት ነበር።

ሰዉ እየበዛ ሲሄድ ድረ ገጹ ዓርብ ዓርብ ይወድቅ ጀመር። ልጅቷ ስትጠብቅ ስትጠብቅ ሶላት ያልቅና ወንድሟ ይመጣል። ነቢዩ "ቤቱ ከአቅሙ በላይ ሰው ገባበት፤ አዲስ ሠርተን ዕቃውን ሁሉ እናዛውር፣ ሌላ መላ የለውም" አለ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሊያግዛቸው ወንድወሰን የሚባል ሰው ላከ። ደግ ሰው ነው፣ ጭቃ እግሩን ሲይዘው አልተቆጣም። በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ የተናገረው ትዝ ይለኛል።

"ዝም ብላችሁ ከዘጋችሁ ሰዉ ጠፋ ብሎ ይበተናል። አስቀድማችሁ ለእያንዳንዱ ተማሪ አሳውቁ።"

ሳቢሃን ይህ ነገር ገባት። የምትፈራው ይህንኑ ነበር፤ ልጅቷ መጥታ በሩ ተዘግቶ ስታገኘው፣ በቃ አለቀ ብላ የመጨረሻውን ሳትማር ብትሄድስ?

የሚዘጉበትን ቀን ሲመርጡ ሰማኋቸው።

"ሰው የማይገባበትን ጊዜ ነው መምረጥ ያለብን፤ ትምህርት ላይ ያለችውን እንዳናቋርጣት" አለ ነቢዩ። "ያምናውን አየሁት። በለቀማ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ ጭራሽ ሰው የለም።"

"እውነትህን ነው፣ ሁሉም ቡና ላይ ነው" አለች ሳቢሃ።

ከዚያ መልእክቱን መጻፍ ጀመሩ። ነቢዩ "ውድ ተማሪ" ብሎ ሲጀምር ሳቢሃ ከለከለችው።

"ማሎ፣ እባክህ ነቢዩ! ሰው 'ውድ ተማሪ' ተብሎ ይጠራል? ስሟን ጥራት። ባንድ ስልክ አራት ሆነው አይደል የሚማሩት፣ ስሟን ካልጠራኻት ለሷ መሆኑን በምን ታውቃለች?"

እኛ ጋ እንዲህ ነው፤ ሰውን ስሙን ሳይጠሩ መናገር ንቀት ነው። እናም ለከውሰር የሄደው እንዲህ ይል ነበር፦ "ከውሰር እህቴ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የዐረብኛ ትምህርት ቤታችን ለእድሳት ጥቂት ቀን ይዘጋል። የደረስሽበት አይጠፋም። አንድ ትምህርት ብቻ ነው የቀረሽ፣ እንዳትተዪው። ሳቢሃ ነኝ፤ ካስፈለግሁሽ በዚህ ደውዪ።" ሲነበብ ከልብ የመጣ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። በመረጡት የገበያ ቀን ረፋድ፣ ልክ ሊዘጉት ሲሉ፣ ለሁሉም በየስማቸው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ላኩት።

የመጀመሪያው ስልክ ሲደወል ገና ፀሐይዋ አልበረታችም ነበር። ሳቢሃ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምታናግረው፣ አንድ ጆሮዋ ስለሚያስቸግራት።

"ሄሎ፣ ሳቢሃ አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ሚስቴ ዐረብኛ ትችላለች እንዴ? እኔን እኮ በኦሮምኛም አታናግረኝም!" አለና ሰውዬው ሳቀ፣ ዘጋው። እኛም ሳቅን። ሁለተኛው አልሳቀም። ያለውን አልደግመውም። ሦስተኛው "የልጄ ስም ካንቺ ዘንድ ምን ይሠራል?" አለ። ከዚያ ወዲያ መደወሉን አላቆመም። ሳቢሃ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችው።

"ያ ረቢ" አለች፣ "ስልኩ እኮ የነሱ ነው።"

ነቢዩ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋ። "ሄዷል። የተላከ አይመለስም" አለ።

በለቀማ ሰሞን ረፋድ ላይ ማንም የማይገባው፣ ሴቱ ቅርጫት ወገቡ ላይ አስሮ ቡና ውስጥ ስለሆነና ስልኩ የወንዱ ኪስ ውስጥ ስለሆነ ነው። ዋጋ ይደወልለታል፣ ከእጁ አይለየውም። ነቢዩ ባዶ ያለው ሰዓት እሱ ነበር። "ዓርብ ቀትር ብንልከው ኖሮ" አለች ሳቢሃ። ይህንኑ ደጋግማ ትለዋለች፣ ምግብ ስሰጣትም፣ ዝም በይ ስላትም።

የከውሰርን ኋላ ሰሚር ራሱ ነው የነገረን። ያን ጊዜ እሸት እያስመዘነ ነበር። ስልኩ ጮኸ። እጁ እንደ ማር በሚያጣብቀው የቡና ፈሳሽ ተለቅልቆ ስለነበር ለመዛኙ ሰጠውና "አንብብልኝ፣ ዋጋ ይሆናል" አለው። መዛኙም ጮክ ብሎ አነበበው። ሻጩ፣ ተሸካሚው፣ የሙሽራው አጎት፣ ሁሉም እዚያ ቆሟል። "አንድ ትምህርት ብቻ ነው የቀረሽ" ሲል አንዱ፣ "ሰሚሮ፣ እህትህ ልትበር ነው እኮ! ለአውሮፕላኑ አንድ ደረጃ ቀርቷታል!" አለ። ሳቁ። የሙሽራው አጎት አልሳቀም፤ ሚዛኑን ትቶ ወጣ።

ሰሚር ቤት ገብቶ መታት። ጫማዋን ወሰደባት፣ ከቤት እንዳትወጣ። ሰርጉን ከለቀማ በኋላ ነበር ያሰቡት፣ ወደ መጪው ሳምንት አመጡት።

እዚህ ደግሞ አዲሱ ድረ ገጽ ተከፈተ። ነቢዩ የለፋበት ነው፤ የማንም ስም አልጠፋም፣ የማንም ትምህርት አልጠፋም፣ ከበፊቱ ይልቅ ይፈጥናል። ወንድወሰን ደውሎ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። ዓርብ ቀትር ሳቢሃና ነቢዩ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። አዛን ተባለ። የጁምዓው ስብከት፣ ኹጥባው፣ ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ይጠብቃሉ። ማንም አልገባም። ወንዶቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ነው የሄዱት።

"ምናልባት ኔትወርክ ይሆናል" አለ ነቢዩ።

ከውሰር የደወለችው ሰርጉ ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የዐስርን ሶላት ሰግደን በረንዳው ላይ ነበርን። የማናውቀው ቁጥር ነው።

"እህት ሳቢሃ፣ ከውሰር ነኝ። ቤቱ ተከፈተ?"

"ተከፍቷል፣ ከውሰርዬ። የት ነሽ?"

"አላውቀውም። ይሞቃል፣ ዛፍ የለውም። ከደላላ ጋር ነኝ።"

"ኢናሊላሂ! ተመለሺ፣ ማሎ፣ ባለሽበት ቁሚና ሰው..."

"አልመለስም። ስልኩ የሰው ነው፣ ቶሎ በይ። የመጨረሻውን በቃል ንገሪኝ።"

ሳቢሃ ወደ እኔ አየች። ዓይኗን ጨፈነች።

"እሺ። ከኋላዬ በዪ። አና መሪዳ። አሞኛል ነው።"

"አና መሪዳ።"

"ላ ተልሚስኒ። አትንካኝ።"

"ላ ተልሚስኒ" አለች ልጅቱ፣ አጥርታ፣ በረንዳዬ ላይ እንዳለች ሁሉ። ከኋላ የወንድ ድምፅ መጣ፣ በቃ የሚል። ስልኩ ተቋረጠ። ሳቢሃ መልሳ ደወለች፣ ዝግ ነው። በሩን ክፈቱልኝ የሚለው ቀረ፣ ፓስፖርቴን የሚለውም ቀረ። ፓስፖርትስ የት ነበራትና።

ሰሚር የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በሩ ላይ ሲቆም ጎልማሳ መስሎኝ ነበር፣ ልጅ እግር ነው። በፌስታል ጥንድ ጫማ ይዟል።

"አንተ ነህ ወንድምየው?" አልኩት።

"ነኝ፣ እማማ።"

"ጫማዋን አሁን አመጣህላት?"

አቀረቀረ። "በእናቴ ነጠላ ጫማ ነው የወጣችው" አለ። "ወላሂ ልገድላት አልነበረም። አፈርኩ። ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። እዚህ ደውላ ከሆነ..."

ይህን ሰው ሳቢሃ ትጮኽበታለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ሻይ ሰጠችውና "መጨረሻ የት ታየች?" ብቻ አለችው። በአዲስ አበባ መንገድ ሰኮሩ ላይ ከሚኒባስ ወርዳ ሌላ መኪና ስትገባ ያያት አለ አላት። ፌስታሉን ትቶ ሄደ።

ያን ሳምንት ሳቢሃ ነቢዩን አስቀምጣ ድረ ገጹን አስተካከለችው። የመጨረሻውን ትምህርት መጀመሪያ ላይ አስደረገችው።

"ይፈራሉ ብለሽ አልነበር?" አለ ነቢዩ።

"ይፍሩ።"

ከዚያ ወዲህ በማንም ስልክ የማንም ስም አልተላከም። ሲዘጋም፣ ሲከፈትም፣ ማስታወቂያው እዚያው ድረ ገጹ ውስጥ ነው የሚጻፈው። ቀስ በቀስ ልጆቹ ተመለሱ ይላል ነቢዩ፤ አሁን አዲስ አበባ ሥራ ይዟል፣ ከዚያው ሆኖ ይጠብቀዋል። ዓርብ ቀትር ግን እንደ ድሮው አልሞላም። የት፣ በማን ስልክ እንደሚገቡ አናውቅም። ቢያንስ እኔ አላውቅም። የማዳም ድምፅ አሁንም የኔው ነው።

ያኔ ድረ ገጹን እንዳስተካከለች ሳቢሃ አንድ ጠዋት ከውሰርን ልትፈልግ በሚኒባስ ወደ ሰኮሩ ሄደች። የያዘችው አንድ የጀርባ ቦርሳና ያን ፌስታል ነው። "እማማ፣ አይቆጡኝ" አለችኝ። አልተቆጣሁም፤ ሻርፗን አስተካከልኩላት። ሰኮሩ ላይ ኩመራ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር አለ፣ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ፣ አባቱን አውቃለሁ። እሱ ጫናት። መጀመሪያ መጀመሪያ ትደውል ነበር። የከውሰርን ፎቶ ለሹፌሩም ለደላላውም ታሳያለች፤ አንዱ አየኋት ይላል፣ ሌላው ባሕር ተሻግራለች ይላል፣ ሌላው ፎቶውን መልሶ ይሰጣታል። "ልጆቹ በዚህ ብዙ ናቸው፣ እማማ። የኛ አገር ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት" አለችኝ አንዴ። ከዚያ ስልኳ ዝግ ሆነ።

ኩመራ ባለፈው ሻዕባን፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ እዚህ ግቢ መጥቶ ነገረኝ። በጅቡቲ መንገድ፣ አፋር ውስጥ፣ ሎጊያ ላይ ከባድ መኪኖቹ ከሚያድሩበት ጎን በሸራ የተሠራ ሻይ ቤት አለ። ሳቢሃ እዚያ ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ወደ ባሕሩ የሚሄዱ ልጆች ከበዋታል፤ አንድ ነገር ትላለች፣ ከኋላዋ ይላሉ። ፌስታሉ አጠገቧ ነበር። ኩመራ ጥሩምባ ነፋላት፣ እጇን አነሳች። ሲመለስ ሻይ ቤቱ አለ፣ እሷ ግን የለችም፤ የሻይ ቤቱ ባለቤትም የት እንደሄደች አልነገረችኝም አለችው። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው እዚያ ነው፣ ሎጊያ።